ጠበል የጠጣው ባትሪ

የልጅ ልጄ መኪናውን ቤት ሊያደርገው ነው። የኋላውን ወንበር ነቅሎ አልጋ አስገባበት፣ ትንሽ ምድጃ አስቀመጠ፣ መጋረጃ ሰቀለ፤ ቅዳሜና እሁድ መብራት የሌለበት ጫካ ሄዶ ሊያድርበት። አሁን የቀረው ባትሪ ነው። ሰሞኑን ከጓደኛው ጋር ሳሎኔ ውስጥ ተቀምጠው ሲከራከሩ፣ ይሄኛው ቀላል ነው፣ ያኛው በፀሐይ ይሞላል፣ ይሄ ደግሞ ጭራሽ ውሃ አይፈልግም ሲባባሉ ዝም ብዬ እሰማለሁ። «እማማ፣ አሰለቸንሽ አይደል?» አለኝ። አላሰለቹኝም። እሱ ሳይወለድ፣ አባቱም ሳይወለድ፣ እኔ እንጦጦ ላይ መኪና ውስጥ ኖሬያለሁ። ስለ ባትሪም ቢሆን የማውቀው አለኝ፤ ጠያቂ ጠፍቶ ነው እንጂ።

ያኔ የምንኖረው ከየካ ሚካኤል ወደ ላይ፣ ባህር ዛፉ ከሚጀምርበት ግርጌ ነበር። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። መኪናው የራሱ ነው፤ ጣሊያን ጥሎት የሄደ አሮጌ፣ ከኋላው በሸራ የተሸፈነ። ለግንበኞች ድንጋይ ያመላልስበታል። ዲናሞው ተቃጥሎ፣ የራሱ ባትሪም ከሞተ ቆይቶ ስለነበር የሚነሳው ከፊቱ ቆሞ ማኖቬላ የሚባለውን ቆልማማ ብረት በማዞር ብቻ ነው። ባለቤቴ ማለዳ ማኖቬላውን ሲያዞር ሰፈሩ በሙሉ ይሰማል፤ ስድቡም ጭምር። ክረምት ሲገባ ግን መንገዱ ጭቃ ይሆንና ሥራ ይቆማል፤ መኪናውም እኛም እቤት እንውላለን።

አማቴ ከእኛ ጋር ነበሩ። አንደበታቸው የሚፈራ፣ ቀጥ ያሉ ሴት። ሁለት ወንዶች ልጆች አሏቸው፤ ትልቁ የእኔ ባለቤት ነው። ትንሹ አንድ የጦር ክፍል ኦርኬስትራ ውስጥ ገብቶ ዘፋኝ ሆነ። በዚያን ጊዜ ዘፋኝ መሆን ዛሬ እንደሚታየው የክብር ነገር አልነበረም። አማቴ ሲሰሙ፣ እኔ ባለሁበት፣ «አዝማሪ አልወለድኩም» አሉት። ልጁ ኮቱን አንስቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ በራችንን አልረገጠም፤ ስሙም በቤታችን አይነሳም።

ያን ክረምት የአማቴ እግር አበጠ፣ ትንፋሽም አጠራቸው። ሐኪም ቤት ወስደናቸው ክኒን ተሰጣቸው። ክኒኑን እየዋጡ፣ «እኔን የሚያድነኝ የእንጦጦ ጠበል ነው» አሉ። ጠበል መግባት ደርሶ መመለስ አይደለም፤ እዚያው ሰንብቶ በየማለዳው መጠመቅ ነው። ማደሪያ ልንፈልግ ወጣን። ከእንጦጦ ማርያም ወዲህ ያለው ጎጆ ሁሉ በጠበልተኛ ተይዟል፤ አንዱ ጥግ እንኳ አልተረፈም። ባለቤቴ የቆመውን መኪናውን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ።

«ቤት አለን እኮ» አለ።

እኔ ጭነት መኪና ላይ ልኖር አላገባሁህም ብዬ አንድ ቀን ሙሉ አኮረፍኩ። በማግስቱ ግን ሸራውን ስጠግን ነው የዋልኩት። ዝናቡ ጋብ ባለ ቀን መኪናውን እንደምንም እንጦጦ አወጣነው። ገለባ የተሞላ ፍራሽ ዘረጋን፤ ከበስተኋላ በሳጥን ደረጃ ሠራንላቸው፤ ማብሰያውን ከባህር ዛፉ ሥር፣ ከንፋስ ከለል አድርገን አበጀን። ዝናብ ሸራው ላይ ሲወርድ ከውስጥ ሆኖ መስማት እንዴት ደስ ይል እንደነበር አሁን ለማንም ማስረዳት አልችልም። ከዚያ ወዲህ ስንት ቤት ኖሬያለሁ፤ እንደዚያ ሞቆኝ ያደርኩበት ግን ትዝ አይለኝም።

ባለቤቴ አንድ ነገር ብቻ እምቢ አለ፦ ያለ ራዲዮ አላድርም። ራዲዮው ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ የገዛው፣ በእንጨት ሣጥን የተሠራ ትልቅ ነገር ነው። እንደ እጅ ባትሪ በትንንሽ የባትሪ ድንጋይ አይሠራም፤ የመኪና ባትሪ ይፈልጋል። ስለዚህ ባትሪ ልንመርጥ ወደ ቀበና በኩል ወዳለ ጋራዥ ወረድን። እኔን ለማግባት ሽማግሌ ልኮ፣ ሁለት ጊዜ አይቶኝ ነው የጨረሰው። ባትሪውን ለመምረጥ ግን ግማሽ ቀን ፈጀ።

ባለጋራዡ ሁለት አወጣልን። አንዱ ትልቅ፣ አዲስ ቀለም የተቀባ፤ ሌላው ትንሽ፣ ጥቁር፣ ጠርዙ የተቧጨረ። እኔ ትልቁን አልኩ። ባለቤቴ ግን ሁለቱንም በአንድ ጎናቸው ቀና እያደረገ በክንዱ መዘነ፣ ክዳናቸውን ፈታ፣ አጎንብሶ በየቀዳዳው ወደ ውስጥ አየ። «ትልቁ እርሳሱ አልቋል፤ ቀለሙን ነው የሚሸጡልን» አለኝ በሹክሹክታ። ትንሹን ወሰድን፤ ያውም ትንሽ ይባል እንጂ ሁለት ሆነን ነው ያነሳነው። ያን ቀን የለበሰው ሱሪ ጉልበቱ ላይ አሲድ ነክቶት ኖሮ ሳጥበው ተበሳስቶ አገኘሁት፤ አሲድ ጥጥ እንደሚበላ ያወቅኩት ያኔ ነው።

አሞላሉንም ቆሜ አይቻለሁ። ባትሪዎቹ በሳንቃ ላይ ተደርድረው፣ በሽቦ ተያይዘው፣ ክዳናቸው ተከፍቶ ይውላሉ። ውስጣቸው ቀስ እያለ ይፍለቀለቃል፤ ሽታው ጉሮሮ ይከረክራል። ባለጋራዡ ለቸኮለ ሰው አይሞላም፤ ቀስ ብሎ ካልጠጣ አይበረክትም ይላል፣ ዛሬ አስረክበን ነገ ነው የምንወስደው። ውሃው ሲጎድል ደግሞ ምን ማድረግ እንዳለብን አጥብቆ ነገረን። «የቧንቧም፣ የወንዝም፣ የምንጭም ውሃ እንዳታስገቡበት። እኔ ጋ የተጣራ አለ። ከጠፋ ከጠፋ ጣሪያ ያልነካ የዝናብ ውሃ።» ባለቤቴ ይህንን ለእኔ፣ ለአማቴ፣ ለጎረቤት ጠበልተኛ ሁሉ እየደጋገመ አሰለቸን።

ባትሪው ወደ ታች የሚወርደውና ወደ ላይ የሚወጣው በአህያ ነው። አህያው እዚያው ተራራው ላይ የሚኖሩ፣ ድንች የሚያመርቱ የአንድ ኦሮሞ አዛውንት ነው። በአንድ ጎን ድንች፣ በሌላው ጎን ገለባ በተጎዘጎዘ ሣጥን ባትሪው ይጫናል። ሽማግሌው ባትሪውን አይወዱትም። «ይሄ ነገር ቢፈስ አህያዬን ያቃጥላል» እያሉ ከጎኑ አይለዩም፤ ቁልቁለቱ ላይ «ሱታ፣ ሱታ» ሲሉት አህያው እውነትም ቀስ ይላል።

ራዲዮው ሆዳም ነበር። ትንሽ ከሰማንበት ባትሪው ይደክማል። እኛ የምንለውም እንደዚያው ነው፦ ደከመው፣ ይውረድ፤ ተሻለው፣ ይምጣ። አማቴ ይህንን ሲሰሙ፣ «እኔ ሲደክመኝ ወደ ላይ ወጣሁ፣ እሱ ሲደክመው ወደ ታች ይወርዳል» ይሉ ነበር። ጠበል ቦታ ዘፈን ነውር ስለሆነ የምንሰማው ዜና ብቻ ነው፤ ዘፈን ሲጀምር አማቴ «ዝጉት» ይላሉ፣ እንዘጋለን።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ባለቤቴ ከከተማ ሲመለስ ፊቱ ሌላ ሆኖ መጣ። ከመኪናው ጀርባ ወስዶ በሹክሹክታ ነገረኝ። ወንድሙን አግኝቶታል። እስከዛሬ ከኋላ ሆኖ ሌሎችን ሲያጅብ የኖረው ልጅ፣ የእንቁጣጣሽ ዕለት ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን በራዲዮ ሊዘፍን ነው። «እማዬ ትስማኝ። ሰምታ ብትረግመኝም ትርገመኝ» ብሎታል።

«እንዴት አድርገን ነው የምናሰማቸው?» አልኩት።

«እንጃ። ብቻ ባትሪው እስከዚያ ይቆይ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ዜናም ቀረ። ራዲዮው በጨርቅ ተሸፈነ። አማቴ ለምን እንደሆነ አልጠየቁም። በማግስቱ ጠዋት ብቻ፣ በመቋሚያቸው ወደ ባትሪው እየጠቆሙ፣ «ደከመው እንዴ?» አሉኝ። «ትንሽ» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ጠበሉ ሄዱ።

ጳጉሜ ሁለት ላይ ባለቤቴ አላስችለው ብሎ፣ ባትሪው እንዴት እንዳለ ለማየት ራዲዮውን ለአፍታ ከፈተው። ራዲዮው አንድ ጊዜ አንኮራፋ፣ ዝም አለ። የባትሪውን ሣጥን ሲከፍት አናቱ ርሷል። ክዳኖቹን ፈታ። እያንዳንዱ ቀዳዳ እስከ አፉ ሞልቶ ተርፎ ፈስሷል፤ ገለባው ጠቁሯል። አማቴ ከጠበል ተመልሰው ተኝተዋል። ስለዚህ ቀና ብሎ ያየው እኔን ነው።

«ውሃ የጨመረበት ማነው?»

«እኔ አልነካሁም።»

«ታዲያ ራሱ ተነስቶ ጠጣ?»

«ጠይቀው» አልኩት፣ ተናድጄ። ከዚያ እስከ ማታ አልተነጋገርንም። መኪና ውስጥ መኖር ሌላው ሁሉ ጥሩ ነው፤ ሲኮራረፉ ግን መሄጃ የለውም።

በነጋታው ጠዋት፣ ልብሴን ሰብስቤ ወደ ጅረቱ ወረድኩ። የአማቴን ጋቢ ገና ማሸት ስጀምር እጄ ላይ ተበጣጠሰ። አንድ ጎኑ ከላይ እስከ ታች ተበሳስቷል። ብል ነው እንዳልል፣ ባለፈው ሳምንት አጥቤው ደህና ነበር። ከዚያ የባለቤቴ ሱሪ ትዝ አለኝ። ጋቢውን ሳልጨምቅ፣ ውሃው እየተንጠባጠበ፣ ይዤው ወጣሁ።

«እማማ፣ ጋቢዎን ምን በላው?»

አዩና ፊታቸውን አዞሩ። «አርጅቷል።»

«ባትሪው ጋ ምን ሊያደርጉ ሄደው ነው?»

መቁጠሪያቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «ደክሞት ነበር» አሉ በመጨረሻ። «የእኔ እግር እብጠቱ በዚህ ጠበል ጎደለ፤ እሱንስ ለምን አይሻለውም ብዬ ነው። በማለዳ፣ ሰው ሳይቀዳ፣ የመጀመሪያውን ነው የሰጠሁት።»

«የምንጭ ውሃ እንዳይገባበት ተብሎ የለም?»

«እሱ የምንጭ ውሃ ነው። ይሄ ጠበል ነው።»

ሳቄ እስከ አፌ መጣ። ግን ዓይናቸውን ሳይ ተመለሰ። እኚያ አንደበታቸው የሚፈራ ሴትዮ እንደ ጥፋተኛ ልጅ ያዩኛል።

«እስከ እንቁጣጣሽ እንዲደርስልኝ ብዬ እኮ ነው።»

«እንቁጣጣሽ ምን አለ?» አልኳቸው፣ እያወቅኩ።

«ሸራ ግድግዳ አይደለም፣ ልጄ። ስታወሩ ሰምቻለሁ።» ጋቢውን ከእጄ ተቀብለው ቀዳዳዎቹን በጣታቸው ዳሰሱ። «በክፉ ቃል አስወጣሁት። ድምፁን ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ። አሁን ደግሞ በገዛ እጄ ዘጋሁት።»

እኔ አማቴን እስከዚያን ቀን ድረስ ፈርቻቸው እንጂ ወድጃቸው አላውቅም ነበር። ያን ቀን ወደድኳቸው። ጋቢውን አጣጥፌ ከፍራሹ ሥር ደበቅኩና ወደ ባለቤቴ ሄጄ፣ «እኔ ነኝ ውሃ የጨመርኩበት» አልኩት። የተናገረውን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም። ብቻ መጨረሻ ላይ ማኖቬላውን አንስቶ መሬት ላይ ወረወረውና፣ «አሲዱ ተደፍቶ በአዲስ ካልተሞላ አለቀለት። ባለጋራዡም ጋ የተጣራ ውሃ አልቋል፤ ለበዓሉ ሊዘጋ ነው» አለ።

ቀኑ ጳጉሜ ሦስት፣ ሩፋኤል ነው። የሩፋኤል ዕለት የሚዘንበው ዝናብ የተባረከ ነው ስለሚባል፣ ትልቅ ትንሽ ሳይል ሰው ሁሉ ይታጠብበታል። እኛ ስንጨቃጨቅ ሰማዩ ጠቁሮ ኖሮ ድንገት ወረደ። ከየጎጆው ሰው ወጣ፤ ሕፃናት ራቁታቸውን ይሯሯጣሉ፣ ሽማግሌዎች አናታቸውን ገልጠው ይቆማሉ። እኔና ባለቤቴ እየተገላመጥን ከመኪናው ሥር ተጠለልን።

ያኔ አማቴ በሳጥኑ ደረጃ ሲወርዱ አየን። እግራቸውን እየጎተቱ፣ ዛፍም ጣሪያም ከሌለበት ሜዳ መሃል ደርሰው ቆሙ። የሸክላ ቀለም ያለውን ትልቁን የእናሜል ሳህናችንን በሁለት እጃቸው ወደ ሰማይ ዘርግተዋል። ዝናቡ ፊታቸው ላይ ይወርዳል፤ እሳቸው ሳህኑን ብቻ ያያሉ። ሲሞላላቸው ጠብታ ሳያፈሱ መጥተው ለባለቤቴ ሰጡት።

«እንካ» አሉት። «ያኛው ካልተስማማው ይሄ ይስማማዋል።»

ባለቤቴ ሳህኑን እንደያዘ ቀረ። እሳቸውን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና እሳቸውን አየ። እኔ ወደ ዛፎቹ ተመለከትኩ። ብዙ ሊናገር ይችል ነበር።

«እሺ፣ እማዬ» ብቻ አለ። ማታ ግን በጎኑ ሲተኛ እጄን ያዘኝ።

ውሃውን በጠርሙስ ሞልቶ፣ ባትሪውን አህያው ላይ ጭኖ ከሽማግሌው ጋር ወረደ። ባለጋራዡ አሲዱን ደፋ፣ በዝናቡ ውሃ አጠበ፣ በዚያው ውሃ አዲስ አሲድ በጥብጦ ሞላውና ከሽቦው ጋር አያያዘው። በዋዜማው ሲመልስልን፣ ውስጡ እንደተጎዳ፣ ብዙ እንደማይቆይ ነግሮናል። ልሞክረው ብላችሁ እንዳትከፍቱት፣ ያለችውን ለሚፈለገው ሰዓት ብቻ አቆዩለት ብሏል። ስለዚህ ይሠራ አይሠራ ሳናውቅ አደርን።

እንቁጣጣሽ ጥርት ብሎ ነጋ። ከታች ልጃገረዶች አደይ አበባ ይዘው ሲዘፍኑ ይሰማል። አማቴ ተጠምቀው መጥተው፣ ያንኑ የተበሳሳ ጋቢ ለብሰው፣ ጀርባቸውን ለራዲዮው ሰጥተው ተቀመጡ። እኛም ምንም እንደማናውቅ ሆንን። ሰዓቱ ሲደርስ ባለቤቴ ሽቦውን ገጠመ። ራዲዮው ተነፈሰ፣ ድምፅ መጣ። የመልካም አዲስ ዓመት ንግግር፤ ከዚያ አንድ ዘፈን፣ ከዚያ ሌላ ዘፋኝ። በየዘፈኑ ድምፁ እየወረደ ሄደ። ባለቤቴ ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። አማቴ «ዝጉት» አላሉም።

ከዚያ ስሙ ተጠራ። ስሙ በዚያ ቤተሰብ መሃል ሲጠራ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው የሰማሁት። መዝፈን ጀመረ። አማቴ ዞሩ። በእንብርክካቸው ሄደው ጆሯቸውን ሣጥኑ ላይ ለጠፉ፣ በመዳፋቸውም ደገፉት። ድምፁ እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ። ለእኔ መሰማት ካቆመ በኋላም እሳቸው ጆሯቸውን አላነሱም። ባለቤቴ ክዳኑን ነካ፣ ሽቦውን ጠበቅ አደረገ። ባትሪው አልቋል። ዘፈኑ ገና መሃሉ ላይ ነበር።

አማቴ በመጨረሻ ጆሯቸውን ከሣጥኑ አነሱ።

«ጉንፋን ይዞታል» አሉ። «ደረቱን ይዞታል። የሚያለብሰውም የለም።» ከዚያ ወደ ባለቤቴ ዞር ብለው፣ ተራ ነገር እንደሚያዙ ሁሉ፣ «ይምጣ በለው» አሉት።

በሁለተኛው ቀን መጣ። ከአህያው ጋር በእግሩ ነው የወጣው፤ ጫማው በጭቃ ተለውሷል። ሽማግሌው ከሩቅ አሳዩትና እሳቸው ወደ ኋላ ቀሩ። የእናቱን ጉልበት ሊስም ሲጎነበስ አማቴ አገጩን ይዘው ቀና አደረጉት፤ ከሳ፣ አልከሳም እያሉ ብዙ አዩት። ስለዚያ ክፉ ቃል አላነሱም፣ እሱም አላነሳም። ቆሎ ሰጠሁት። ትንሽ ከቆየ በኋላ ልቡ አልችል ብሎት፣ «ሰማሽኝ፣ እማዬ?» አላቸው።

«ባትሪው ቆረጠብኝ» አሉ። «መሃሉ ላይ። መጨረሻውን አልሰማሁትም።»

ልጁ ወደ ቤተክርስቲያኑ አቅጣጫ ተመለከተ። ጠበል ቦታ ነው፤ ሰው በየጎጆው አለ። አማቴም ወደዚያው አዩ፣ አማተቡ፣ ጋቢያቸውን ገልጠው ልጁን ከጎናቸው አስቀመጡትና ትከሻው ላይ ደረቡለት።

«ቀስ ብለህ» አሉት። «ጨርሰው።»

ለእሳቸው ጆሮ ብቻ በሚበቃ ድምፅ ዘፈነ። ሊጨርስ ሲል አሳለው። እውነትም ጉንፋን ይዞት ነበር።